ተጨማሪ መረጃ፦ ሻወሩ ለምን ይደክማል?

ገላችሁን እየታጠባችሁ ሳለ ማድ ቤት ያለ ሰው ቧንቧ ሲከፍት የሻወሩ ውሃ ድንገት ሲቀንስ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ታንከሩ እንደሆነ ሙሉ ነው፤ ከፍታውም አልተለወጠም።

ከሻወሩ 3 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ታንከር 30 ኪሎፓስካል ገደማ ግፊት ይሰጣል። ይህ ግፊት በሙሉ የሚገኘው ግን ውሃው ሳይፈስ ሲቀር ብቻ ነው። መፍሰስ ሲጀምር በሰበቃ ምክንያት ከጉልበቱ ከፊሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። የባከነው ጉልበት በውሃ ዓምድ ቁመት ሲለካ የከፍታ ኪሳራ ይባላል። (በሙቀቱ አትሞቁበትም! 3 ሜትሩ በሙሉ ቢባክን እንኳ ውሃው የሚሞቀው ከ0.01 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ነው።)

ሁለተኛው ቧንቧ ሲከፈት ከታንከሩ በሚወርደው የጋራ መስመር ውስጥ የውሃው ፍጥነት ይጨምራል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኪሳራው ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። የዲያሜትሩ ጉዳይ ደግሞ ይብሳል፦ ያንኑ የውሃ መጠን በግማሽ ዲያሜትር ለማሳለፍ ብትሞክሩ ኪሳራው 32 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ቀጭን ቧንቧ ገዝቶ ገንዘብ ቆጠብኩ ያለ ሰው ኋላ ፓምፕ ሲገዛ የሚታየው ለዚህ ነው። የቧንቧው ውስጥ ሲሻክርም ኪሳራው እንደሚጨምር ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ በሙከራ አረጋግጦ እ.ኤ.አ. በ1857 አሳትሟል።

ሞክሩት፦ ባለ 10 ሊትር ባልዲ በአጭር ጎማ ሞልታችሁ የፈጀውን ጊዜ መዝግቡ። የቧንቧውን መክፈቻ ሳትነኩ፣ ስፋቱ ተመሳሳይ በሆነ ረዥም ጎማ ድገሙት። የጎማው ጫፍ በሁለቱም ጊዜ እኩል ከፍታ ላይ ይሁን። ልዩነቱ ስንት ሰከንድ ሆነ?