ባትሪው ሶምሶማ ይወዳል

ጥሊሊ ሐይቅ የላትም። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቀመጠች የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ከተማ ናት። ውኃ ግን ከቧታል፤ በአንድ ወገን የሰከላው ግሽ ዓባይ፣ በሌላው ወገን ወደ እንጅባራ ሲሄዱ ዘንገና ሐይቅ። ከግሽ ዓባይ የሚነሳው ግልገል ዓባይ ደግሞ ቁልቁል ወርዶ ጣና ይገባል። ከዘመዶቼም አንዱ እንደ ውኃው ወርዶ ጣና ላይ የቀረ ነው፤ ጀልባ ይነዳል። ለበዓል ሲመጣ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን፣ “ጋሼ፣ የቤንዚን ነገር አንገሸገሸኝ። የሊቲየም ባትሪ ልገዛ ነው፤ ስንት አምፔር ይበቃኛል?” አለኝ።

“በምን ፍጥነት ነው የምትሄደው?” አልኩት። የጠየቀውን ትቼ ሌላ ነገር ያነሳሁ መሰለው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ስለ ሊቲየም የማያወራ የለም። ስለ ጀልባ ሲወራ ግን አልሰማሁም። ነገሩ አዲስ ሆኖ አይደለም፤ ያኮቢ የተባለ ሳይንቲስት ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ በኔቫ ወንዝ ላይ በባትሪ ጀልባ የነዳው እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጨረሻ ነበር፤ የቤንዚን መኪና ገና ሳይታሰብ። ለኛ ደጋ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። የቤንዚን ሞተር አየር ይበላል፤ ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ይቀነሳል። ጣና ላይ፣ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ወደ አንድ አምስተኛው ይጠፋል። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለው ዘንገና ሩቡ የለም። ገዥው ከፍሎበታል፣ ጉልበቱ ግን ባሕር ወለል ላይ ቀርቷል። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማያቃጥል ከፍታው ጉልበቱን አይነካውም።

ወደ ፍጥነቱ ልመለስ። ጥሊሊ ያለችበት አዊ የፈረስ አገር ነው፤ ጥር 23 ቀን የፈረሰኞቹን በዓል ያየ ሽምጥ ግልቢያ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ፈረሱ ግን ጥሊሊ ድረስ በሽምጥ አይመጣም፤ በሶምሶማ ነው የሚመጣው። ጀልባም እንዲሁ ነው፤ ቅጣቱ ግን ይከፋል። ውኃ ላይ የሚያስፈልገው ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ወደ 8 እጥፍ ይጠጋል።

ለዘመዴ በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ ያሰላሁለት እንዲህ ነው። ጀልባው 6 ሜትር ነው፤ ደርሶ መልስ 30 ኪሎ ሜትር ይሂድ። በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 1.5 ኪሎዋት ይበቃዋል እንበል። መንገዱ 4 ሰዓት ከሩብ ግድም ይፈጃል፤ የሚበላው 6.4 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በሰዓት 10 ልሂድ ካለ ሞተሩ 4.4 ኪሎዋት ይጠይቃል፤ በ3 ሰዓት ይመለሳል፣ የበላው ግን ከ13 ኪሎዋት ሰዓት ይበልጣል። 1 ሰዓት ከሩብ ለማትረፍ የባትሪ ወጪው እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ በላይማ አያዋጣም፤ 6 ሜትር ጀልባ በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ራሱ ያነሳውን ማዕበል አቀበት አድርጎ መውጣት ይጀምራል። ጠበብ፣ ረዘም ያለ ጀልባ ውኃውን ሰንጥቆ ያልፋል። የደንገል ታንኳ የሚሠሩት የጣና ሰዎች ይህን ለማወቅ ፊዚክስ አላስፈለጋቸውም።

ከዚህ በኋላ የባትሪውን ስቲከር ማንበብ ይቻላል። ገበያው ላይ በብዛት የሚታየው ለቤት ሶላር የሚሸጠው ሳጥን ነው፦ “51.2 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት”። ሁለቱን ቁጥር ማባዛት ነው፤ 5.12 ኪሎዋት ሰዓት። እስከ ታች ማሟጠጥ ስለማይመከር 80 በመቶው፣ 4.1 ያህሉ፣ የራሳችን ነው። ስለዚህ ለዘመዴ ሶምሶማ ሁለት ሳጥን ያስፈልጋል፤ የተረፈችው ለንፋስ ናት፣ ጣና ከሰዓት በኋላ ይነሳበታልና። ሰው ቅር የሚለው እዚህ ላይ ነው፦ የአንዱ ሳጥን ጉልበት በትንሽ የጀልባ ሞተር ከሚነድ ከ2 እስከ 3 ሊትር ቤንዚን አይበልጥም። ባሕር ዳር ተነስቶ ጎርጎራ ለመድረስ ይህ ገና መንደርደሪያ ነው። ለዘንገና ግን፣ ከዳር ዳር 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሆነው ሐይቅ፣ አንዱ ሳጥን ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያንሸራሽር ይውላል።

51.2 የሚለው ቁጥር የባትሪውን ዘር ይናገራል። ባለ 3.2 ቮልት 16 ሴሎች ተደርድረዋል፤ ይህ ነጋዴው “ኤል ኤፍ ፒ” የሚለው በብረትና በፎስፌት የተሠራው ሊቲየም ነው። ሌላው ዘር ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት ያለበት ነው፤ ሴሉ 3.6 ወይም 3.7 ቮልት ይላል፤ ቀላል ነው፣ ረጅም መንገድ የሚሄዱ መኪኖች ይወዱታል። ሲቆጣ ግን ቁጣው ክፉ ነው፤ ኤል ኤፍ ፒ ከሚችለው ባነሰ ሙቀት ራሱን ማንደድ ይጀምራል። መኪና ሲነድ ወርዶ መሸሽ አለ፣ ጀልባ ላይ ወዴት ይኬዳል? ዘንገና ከ160 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። በኔ ግምት እዚህ ላይ ክርክር የለም፤ ለጀልባ ኤል ኤፍ ፒ ነው። ክብደቱም ቢሆን አያስፈራም። አንዱ ሳጥን ግማሽ ኩንታል ግድም ነው፣ ሁለቱ አንድ ኩንታል። ይህንኑ ጉልበት ከድሮው የሊድ አሲድ ባትሪ ለማግኘት ከ4 እስከ 5 ኩንታል መጫን ነበረብን፤ ግማሹን ብቻ እየተጠቀምን።

ሰው የሚዘነጋው ሌላ ቁጥር አለ፦ ባትሪው በአንዴ ስንት አምፔር ይሰጣል? ሳጥኑ ውስጥ “ቢ ኤም ኤስ” የሚባል የኤሌክትሮኒክስ ዘበኛ አለ፤ ከልክ በላይ ሲጠየቅ፣ ሲሞላ ወይም ሲሟጠጥ በሩን ይዘጋል። ባለ 5 ፈረስ ጉልበት ሞተር 3.7 ኪሎዋት ነው፣ ወደ 75 አምፔር ይስባል። ዘበኛው 100 የሚፈቅድ ከሆነ በቂ ይመስላል። አሁን እምቦጭ ይምጣ። አረሙ ጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታወቅ ነው፤ ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ሞተሩ ይታገላል፣ አምፔሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ዘበኛው ጥርቅም ያደርገዋል። የድሮ ባትሪ እየደከመ፣ እያቃሰተ ነበር የሚያቆመው። ሊቲየም ማስጠንቀቂያ የለውም፣ ያለ ድምፅ ጭጭ ይላል። ስለዚህ አንድ ትልቅ ሳጥን ከመግዛት ሁለት ትንንሽ ጎን ለጎን ማያያዝ ይሻላል፤ ሸክሙን ይካፈላሉ፣ አንዱ ቢበላሽ በሌላው ቀስ ተብሎ ዳር ይደረሳል። መቅዘፊያው ከጀልባው አይወርድም።

ቮልት አይቶ “ግማሽ ቀርቶኛል” ማለትም አይሠራም። ኤል ኤፍ ፒ እስከ መጨረሻው ድረስ ቮልቱ እምብዛም አይወርድም፤ የገባና የወጣውን አምፔር የሚቆጥር ሜትር መግጠም ያስፈልጋል።

ዘመዴ ከተጋጨ መኪና የወጣ ባትሪ በርካሽ አግኝቶ ነበር። አትንካው አልኩት። የመኪና ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከ300 ቮልት በላይ ነው፤ እርጥብ እግር፣ እርጥብ ወለል ባለበት ጀልባ ላይ እሱን ማስገባት ሞትን አሳፍሮ መሄድ ነው። ባለ 51.2ው ሳጥን የሚመደብበት፣ 48 ቮልት የሚባለው ቤተሰብ የተሻለው ለዚህ ነው። የቤት ሶላሩ ሳጥንም ለውኃ አልተሠራም፤ “አይ ፒ 67” የሚል ከሌለበት፣ ማለትም 1 ሜትር ውኃ ውስጥ 30 ደቂቃ እንዲቆይ ካልተሠራ፣ ከወለል ከፍ ብሎ ክዳን ያለው ቤት ይሠራለት። ፊዩዙ ከባትሪው አጠገብ ይሁን።

ቻርጅ ማድረጉ ቀላል ነው፤ ሁለቱ ሳጥን በ3 ኪሎዋት ቻርጀር 4 ሰዓት ገደማ ነው፣ መብራት ካልጠፋ። የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ውኃውን በዋሻ ከራሱ ከሐይቁ እየወሰደ 460 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው፤ ጀልባውን የሚገፋው የጣና ውኃ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በደጋው ውርጭ ሌሊት ብቻ ጥንቃቄ ያሻል፤ ከ0 ዲግሪ በታች ኤል ኤፍ ፒን ቻርጅ ማድረግ ሴሉን ይገድለዋል።

የቀረው የሳጥኑ አቅም መፈተኛ ነው፤ እሱ ደግሞ በየቤቱ አለ። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎዋት ይበላል፤ ባለ 5 ፈረስ ጉልበት ሞተር ከሚበላው ብዙም አይርቅም። ሳጥኑን ሞልቶ፣ አቅሙ በሚችል ኢንቨርተር ምጣዱን ማገናኘትና ሰዓት መያዝ ነው። ዘመዴ ሚስቱን ሊጥ አስቦክቶ ሻጩ ደጃፍ ድረስ ሊወስዳት አስቧል። 1 ሰዓት ከሩብ ግድም ከጋገረች ይገዛል፤ ምጣዱ በ40 ደቂቃ ከቀዘቀዘ እንጀራውን ይዘው ይመለሳሉ።