ዓድዋ ማርች 1 ነው ወይስ ማርች 2? አንድ ቀን የሚጋሩ ታሪኮችና የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ

ኢንተርኔት ላይ «የዓድዋ ጦርነት መቼ ተካሄደ?» ብላችሁ ብትፈልጉ ማርች 1 ቀን 1896 የሚል መልስ ታገኛላችሁ። በዓሉን በየዓመቱ የምናከብረው ግን የካቲት 23 ነው፤ ስልካችሁን ብታዩት ደግሞ ያን ዕለት ማርች 2 ይላችኋል። ታዲያ የተሳሳተው ማነው? ማንም አልተሳሳተም። ምክንያቱን ለመረዳት ግን መጀመሪያ በዚያች ዕለት በሁለት ቦታ የሆነውን እንይ።

አንዲት እሁድ፣ ሁለት ታሪክ

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እሁድ ነበር። የኢጣሊያው ጄኔራል ባራቲዬሪ አራት ብርጌዶቹን በሌሊት ወደ ዓድዋ አንቀሳቀሰ። ሲጠቀሙበት የነበረው ንድፍ ካርታ ላይ «ኪዳነ ምሕረት» ተብሎ የተጻፈው ኮረብታና የአገሬው ሰው ኪዳነ ምሕረት የሚለው ኮረብታ ግን አንድ አልነበሩም። የጄኔራል አልበርቶኔ ብርጌድ ወደ ትክክለኛው ኮረብታ ገሰገሰና ከሌሎቹ ርቆ ብቻውን ቀረ። በአፄ ምኒልክና በእቴጌ ጣይቱ የተመራው ጦርም የተነጣጠሉትን ብርጌዶች በየተራ መታቸው። ድሉ ብዙ ምክንያቶች አሉት፤ ይህ የካርታ ስህተት ከነሱ አንዱ ነው።

በዚያችው እሁድ ፓሪስ ውስጥ ሄንሪ ቤክሬል የሚባል የፊዚክስ ሊቅ መሳቢያውን ከፈተ። ኤክስሬይ ከተገኘ ገና አራት ወር አልሞላም፤ ቤክሬል ደግሞ የዩራኒየም ጨው ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ተመሳሳይ ጨረር ያወጣል ብሎ ገምቷል። ግምቱን ለመፈተን የፎቶግራፍ መስታወት፣ ማለትም ብርሃን ሲነካው የሚጠቁር ንጥረ ነገር የተቀባ መስታወት፣ በወፍራም ጥቁር ወረቀት ጠቅልሎ ጨውን ከላዩ ያደርግና ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። በፌብሩዋሪ መጨረሻ ግን ሰማዩ ደመነ። ያዘጋጀውን ሁሉ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ማርች 1 መስታወቱን ሲያጥበው ደብዘዝ ያለ ምስል ነበር የጠበቀው፤ ያገኘው ግን ደማቅ ነው። ጨረሩ የፀሐይን እርዳታ አልፈለገም፤ ከራሱ ከዩራኒየሙ ነው የሚወጣው! ዛሬ ራዲዮአክቲቪቲ የምንለው ነገር እንዲህ ተገኘ። ቤክሬል በ1903 ከማሪና ከፒየር ኩሪ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋራ።

ልብ በሉ፤ እነዚህ ሁለት ታሪኮች የሚጋሩት የወርና የቀን ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ያችኑ እሁድ ነው። ዛሬ ግን የቤክሬልን ግኝት በማርች 1፣ ዓድዋን በማርች 2 እናስባለን። ምን ለያቸው?

የጠፋችው አንድ ቀን

ምድር ፀሐይን አንዴ ለመዞር 365.2422 ቀን ገደማ ይፈጅባታል። ከ365 በላይ ያለችውን ትርፍ ለማካካስ የእኛ አቆጣጠር በየ4 ዓመቱ፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ፣ ጳጉሜን ስድስት ቀን ያደርጋታል። የጎርጎርዮስ አቆጣጠርም በየ4 ዓመቱ ፌብሩዋሪን 29 ያደርጋል፤ ግን አንድ ተጨማሪ ሕግ አለው። በሁለት ዜሮ የሚያልቅ ዓመት ለ400 እኩል ካልተካፈለ ተጨማሪ ቀን አያገኝም። ስለዚህ 2000 አግኝቷል፤ 1900 ግን አላገኘም።

ጉዳዩ ያለው እዚህ ጋ ነው። ዓድዋ በ1896 ሲሆን የካቲት 23 ከማርች 1 ጋር ይገጥም ነበር። በ1900 የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 29ን ዘለላትና ከፌብሩዋሪ 28 በቀጥታ ወደ ማርች 1 ገባ። እኛ ግን ምንም አልዘለልንም። በመሆኑም የእነሱ ቁጥር ከእኛ አንድ ቀን ቀደመ፤ ከዚያ ወዲህ የካቲት 23 ማርች 2 ላይ ይውላል። 2100ም ለ400 ስለማይካፈል ከዚያ ዓመት ጀምሮ ዓድዋን የምታከብሩት ማርች 3 ይሆናል።

ይህን በቀላሉ ማጣራት ይቻላል? አዎ። በኢንጂነሪንግ ዳታ መንገድ ላይ ተበላሽቶ እንደሆነ የምናጣራበት ተጨማሪ ቁጥር አብሮ ይላካል። ለታሪክ ቀን ይህን ሥራ የሚሠራልን የሳምንቱ ቀን ነው፤ ምክንያቱም ሰባቱ ቀናት በሁለቱም አቆጣጠር ሳይቋረጡ እኩል ይሄዳሉ። አንድ ሰው «ዓድዋ ማርች 2 ቀን 1896 ነው» ቢላችሁ፣ ያ ቀን ሰኞ ነው፤ ጦርነቱ ደግሞ እሁድ ነው። በቃ፣ ስህተቱ ተያዘ።

ቁጥሩ አንድ፣ ቀኑ ሁለት

ተቃራኒውም አለ። ሼክስፒርና ስፔናዊው ደራሲ ሰርቫንቴስ ኤፕሪል 23 ቀን 1616 በአንድ ቀን እንደሞቱ ብዙ ቦታ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ሰርቫንቴስ በ22 ሞቶ በ23 እንደተቀበረ የሚታመን መሆኑን እንኳ ብንተወው፣ በዚያን ጊዜ ስፔን አዲሱን የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ስትጠቀም እንግሊዝ ገና በአሮጌው በጁሊያን ነበረች። በመካከላቸው 10 ቀን ልዩነት አለ። የሼክስፒር ኤፕሪል 23 በስፔን ሜይ 3 ነበር ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ማርች 1 እንመለስ። በ1954 አሜሪካ በማርሻል ደሴቶች፣ ቢኪኒ በሚባለው ስፍራ፣ ካስል ብራቮ የተባለውን የሃይድሮጂን ቦምብ ሞከረች። ሊቲየም-7 በፍንዳታው እዚህ ግባ የሚባል ድርሻ አይኖረውም ተብሎ ስለታሰበ ኃይሉ 6 ሜጋቶን ገደማ እንደሚሆን ተገምቶ ነበር፤ የተለካው ግን 15 ሆነ። ራዲዮአክቲቭ አመዱ በሮንጌላፕ ነዋሪዎችና በአንድ የጃፓን መርከብ ላይ በነበሩ 23 ዓሣ አጥማጆች ላይ ዘነበ። የማርሻል ደሴቶች ሕዝብ ማርች 1ን ዛሬም በሐዘን ያስበዋል።

ቤክሬል ራዲዮአክቲቪቲን ባገኘ ልክ በ58 ዓመቱ! ይህን ማንበብ ያስደነግጣል። በእኛ አቆጣጠር ግን የቤክሬል ቀን የካቲት 23፣ የቢኪኒው ማርች 1 ደግሞ የካቲት 22 ቀን 1946 ዓ.ም. ነው። እንዲያውም ቢኪኒ ላይ ቦምቡ ጎህ ሲቀድ ሲፈነዳ በኢትዮጵያ ሰዓት ገና የካቲት 21 ከምሽቱ 3፡45 ነበር። የፈንጂው ጉዳት በየትኛውም አቆጣጠር ያው ነው፤ የ58 ዓመቱ ግጥምጥሞሽ ግን ቀን መቁጠሪያውን ስንቀይር ይጠፋል።

ግጥምጥሞሽ ለምን ይበዛል?

አንድ ክፍል ውስጥ 23 ተማሪዎች ቢኖሩ ቢያንስ ሁለቱ በአንድ ቀን የተወለዱ የመሆናቸው ዕድል ከ50 በመቶ ይበልጣል። 23 ሰው ትንሽ ቢመስልም ከመካከላቸው 253 ጥንዶች ይወጣሉ፤ እያንዳንዱ ጥንድ አንድ የመግጠም ዕድል አለው። የዓለም ታሪክ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ክስተቶች አሉት፤ ቀኖቹ ግን 365 ወይም 366 ብቻ ናቸው። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ እንኳ 23 ስንት ጊዜ እንደመጣ ሳታስተውሉ አልቀራችሁም፤ የካቲት 23፣ ኤፕሪል 23፣ 23 ዓሣ አጥማጆች፣ 23 ተማሪዎች። ፈልጌ ካመጣኋቸው ብዙ ቁጥሮች መካከል ስለሆኑ ምንም ምስጢር የላቸውም።

ስለዚህ «ዛሬ በታሪክ» የሚል ጽሑፍ ስታዩ ሦስት ነገር ጠይቁ፦

1. ቀኑ የተጻፈው በየትኛው አቆጣጠር ነው?
2. በየትኛው አገር ሰዓት?
3. የሳምንቱ ቀን ይገጥማል?

እስቲ በራሳችሁ ልደት ሞክሩት። መስከረም 1 ቀን 1996 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ፓስፖርቱ ላይ መጻፍ ያለበት ሴፕቴምበር 12 ቀን 2003 ነው፤ በዓመቱ መስከረም 1 ቀን 1997 ዓ.ም. የተወለደችው እህቱ ግን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2004። ለሁለቱም «መስከረም 1 ማለት ሴፕቴምበር 11 ነው» ብሎ የሞላ ሰው ወንድምየውን በአንድ ቀን ያስረጀዋል። የእናንተስ በትክክል ተሞልቷል? የተወለዳችሁበትን የሳምንት ቀን እናታችሁን ጠይቁና አረጋግጡ።