የመጀመሪያውን ማሲንቆ በእጅ መሥራት

ማሲንቆ አንድ ክር ብቻ ስላለው ለመሥራት ቀላል ይመስላል። ክራር አምስት ወይም ስድስት፣ በገና ደግሞ አሥር አውታር አላቸው፤ አንዱ ቢደክም ሌሎቹ ይሸፍኑለታል። ማሲንቆ ግን የሚሸፍንለት የለውም። ቆዳው ከላላ፣ ጭራው እኩል ካልተወጠረ፣ ዘንጉ ከጎበጠ፣ ያው አንዱ ክር ሁሉንም ያወጣዋል። በእጁ የሙዚቃ መሣሪያ ሠርቶ ለማያውቅ ሰው ከዚህ የተሻለ አስተማሪ ያለ አይመስለኝም።

ለአምቦ ሰው ደግሞ ሥራው ቅርብ ነው። ከሆለታ ተነስቶ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አልፎ አምቦና ጉደር በሚደርሰው መንገድ ግራና ቀኝ ማሲንቆ የሚፈልገው ሁሉ አለ፤ እንጨቱ፣ ፍየሉ፣ ፈረሱ። ማሲንቆ ሲነሳ ሐሳቡ ወደ ጎንደርና ወደ ጎጃም አዝማሪ ብቻ የሚሄድ ብዙ ነው። የሸዋ ኦሮሞም ከጥንት ጀምሮ በማሲንቆ ይዘፍናል፤ ለገሰ አብዲን የመሰለ ድምፃዊ ስሙ ከማሲንቆው ተነጥሎ አይጠራም። ሠርግ ቤት ረገዳው ሲደምቅ ከበሮውን የምታጅበው ይህችው ባለ አንድ ክር ናት።

መጀመሪያ እንጨቱ። ለድምፅ ሳጥኑ የሚመረጠው ዋንዛ ነው፤ ቀላል ነው፣ ለመጥረብ አያስቸግርም፣ ሲደርቅም እንደ ሌላው አይጣመምም። ነገር ግን ዋንዛ ከጥድ፣ ከዝግባና ከኮሶ ጋር በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ የተከለከለ ዛፍ ነበር። ለአንድ ማሲንቆ ደግሞ ዛፍ መቁረጥ አያስፈልግም። አናጺ ቤት ከበርና ከአልጋ ሥራ የተረፈ ቁራጭ ይበቃል፤ እንዲያውም ዓመት ሙሉ ጥግ ተጥሎ የደረቀው ቁራጭ ትናንት ከተቆረጠው እጅግ ይሻላል። አራት ጠፍጣፋ እንጨቶች በማዕዘናቸው ተጋጥመው አልማዝ የመሰለ ቅርጽ ይሠራሉ። እንጨቱ ሲወፍር ድምፁ ይታፈናል፣ ከልክ በላይ ሲሳሳ ደግሞ ቆዳው ሲደርቅ ይሰብረዋል። ጀማሪ ሁልጊዜ ወደ ውፍረቱ ያደላል፤ ስለሚፈራ ነው።

በላይኛውና በታችኛው ማዕዘን ዘንጉ የሚያልፍበት ቀዳዳ ይበሳል። ይህ ከቆዳው በፊት የሚሠራ ነው። ዘንጉ ቀጥ ያለ ጠንካራ እንጨት መሆን አለበት፤ ጭራው ሲወጠር ቀኑን ሙሉ የሚስበው እሱን ነውና። ዘንጉ ትንሽ ከጎበጠ የተቃኘው ዜማ ሁሉ ይወርዳል። አናቱ ላይ ትልቁ መቃኛ ይገባል። መቃኛው ቀዳዳው ውስጥ በግድ የሚዞር መሆን አለበት፤ በቀላሉ ከዞረ በቀላሉ ይመለሳል።

ሥራው የሚከብደው ቆዳው ላይ ነው፤ እኔም ጊዜ መስጠት የምፈልገው እዚህ ነው። የፍየል ቆዳ ይመረጣል፤ ከበግ ይጠነክራል፣ ከበሬ ይሳሳል። ፀጉሩ ተፍቆ፣ ውሃ ውስጥ ተነክሮ፣ ለስልሶ እርጥብ እንዳለ የሳጥኑን ፊትና ጀርባ ይሸፍናል፤ ጠርዙም በጠፍር ተጎትቶ ይሰፋል። እርጥብ ቆዳ ያታልላል። በእጅ ሲዳሰስ ልል ስለሚመስል ጀማሪው የቻለውን ያህል ይጎትተዋል። ሲደርቅ ግን ቆዳው ራሱ ይሰበሰባል፤ ከመጠን በላይ የተጎተተው የእንጨቱን መጋጠሚያ ይፈለቅቃል ወይም ስፌቱ ላይ ይቀደዳል። ማድረቂያው ጥላ ነው። ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ቆዳ አንዱ ወገን ቀድሞ ይደርቅና ሌላውን ወደ ራሱ ይስባል፤ ከዚያ ወዲያ እኩል አይሆንም። መድረሱን የሚነግረው ጣት ነው፤ ሲመታ ደረቅና ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል።

ቆዳው ካለቀ በኋላም አየሩን ይከተላል። በአምቦ ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲጠነክር እርጥበቱ ቆዳውን ያላላዋል፤ ድምፁም ይጎረናል። ማሲንቆ መቺዎች ከመጫወታቸው በፊት ወደ እሳት ጠጋ የሚያደርጉት ለዚህ ነው፤ ከበሮም እንዲሁ ይሞቃል።

ክሩ የፈረስ ጭራ ነው። በምዕራብ ሸዋ ፈረስ ለግልቢያም ለጭነትም የሚያገለግል የቤት ሀብት ስለሆነ ጭራ ማግኘት አይቸግርም፤ መምረጡ ግን ይቸግራል። ርዝመቱ ዘንጉን የሚያዳርስ፣ ውፍረቱም ተመሳሳይ መሆን አለበት። የወንድ ፈረስ ጭራ ይመረጣል፤ የባዝራዋን ሽንት ስለሚነካው ንጽሕናውንና ጥንካሬውን ያጣል። የአውሮፓ ቫዮሊን ደጋን ሠሪዎችም የሚመርጡት በዚሁ ምክንያት ነው። ጭራው በሳሙና ታጥቦ ይበጠራል፤ ሳይገመድ ጎን ለጎን ተደርድሮ ጫፍና ጫፉ ይታሰራል። እያንዳንዱ ፀጉር እኩል መወጠር አለበት። ጥቂቶቹ ከላሉ ዋናውን ድምፅ እየነኩ ይንጫጫሉ፤ ጥቂቶቹ ከጠበቁ ቀድመው ይበጠሳሉ። ይህን ማስተካከል ግማሽ ቀን ቢፈጅ አይገርመኝም፣ ሊቸኮልበትም አይገባም። ሞንጎሎች ሞሪን ኹር የሚሉት ባለ ሁለት ክር መሣሪያቸውም በፈረስ ጭራ የሚሠራ ነው፤ ፈረስ ያለው ሕዝብ ሁሉ ወደዚህ መድረሱ ደስ ይለኛል።

ደጋኑም ጭራ ነው። ሳይሰበር የሚጎብጥ ለጋ ቅርንጫፍ ጎብጦ ይደርቅና ሁለቱ ጫፎቹ በጭራ ይያያዛሉ። ማሲንቆውን አሳምሮ ጨርሶ ደጋኑን ሲስብ አንዳችም ድምፅ ባለመስማቱ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው አለ። የጎደለው ሙጫ ነው። ሙጫ ወይም ዕጣን ያልተቀባ ጭራ በጭራ ላይ ዝም ብሎ ይንሸራተታል። ሲቀባ ግን ደጋኑ ክሩን ይዞ ይጎትተዋል፤ ክሩ ያመልጣል፤ ደጋኑ መልሶ ይይዘዋል። ይህ በሴኮንድ መቶ ጊዜ፣ ከዚያም በላይ ይደጋገማል፤ ጆሯችን የሚሰማው ይህንኑ ነው። ክሩን ከቆዳው ከፍ አድርጋ የያዘችው ትንሿ በርኩማ ንዝረቱን ወደ ቆዳው ታወርዳለች። ወደ ቆዳው መሃል ስትጠጋ ድምፁ ይወፍራል፤ ወደ ጠርዙ ስትሄድ ይሳላል። ቦታዋን መፈለግ የሠሪው የመጨረሻ ሥራ ነው፤ በመለኪያ ሳይሆን በጆሮ ይፈለጋል።

አሁን ወደ ጣቱ። በጊታር ላይ ጣት ክሩን እንጨት ላይ ይጫናል። በማሲንቆ ላይ ግን ጣቶቹ ክሩን ከጎኑ ይነኩታል እንጂ ዘንጉ ላይ አያሳርፉትም። ስለዚህ ሠሪው ክሩን ከዘንጉ በደንብ ማራቅ አለበት፤ ከቀረበ ጣት መግቢያ ያጣል። በዓለም ላይ የዚህ ዘመድ የሚመስለኝ ፔዳል ስቲል ጊታር ነው። ከሃዋይ የተነሳው ስቲል ጊታር የሚጫወተው ክሩን ወደ እንጨቱ ሳይጫኑ ከላይ ብረት እያንሸራተቱ ነው፤ በኋላ ክሩን እየሳበ ድምፁን የሚለውጥ የእግር ፔዳል ተጨመረለት። እ.ኤ.አ. በ1954 በወጣው የዌብ ፒርስ ዘፈን «ስሎውሊ» ላይ የፔዳል ስቲል ተጫዋቹ በድ አይዛክስ ክሩ እየጮኸ ሳለ ፔዳሉን ረግጦ ድምፁን ሲያጎብጠው የአሜሪካ ሙዚቀኛ ሁሉ ሊከተለው ተነሳ። ማሲንቆ መቺ ያንን ጉብጠት በጣቱ ብቻ ያደርገዋል። ቅኝቶቹም፣ ትዝታም ሆነ ባቲ፣ አምባሰልም ሆነ አንቺሆዬ፣ መሣሪያው ላይ የተጻፈ ቦታ የላቸውም፤ መቺው ራሱ ያገኛቸዋል።

መጫወቱንም መማር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሰላም ጓድ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው አሜሪካዊው ቻርልስ ሳተን ከማሲንቆ መቺው ከጌታመሳይ አበበ ተምሮ በኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ውስጥ እስከ መጫወት ደርሷል። ዛሬም በአዲስ አበባ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ማሲንቆ ይሰጣል። ራሱ የሠራውን ይዞ ለሚሄድ ተማሪ አንድ ጥቅም አለው፦ ድምፁ ሲበላሽ ጥፋቱ ከጣቱ ይሁን ከቆዳው፣ ከጭራው ይሁን ከሙጫው ለይቶ ያውቃል፤ በጭራው ከሆነም አዲስ አበጥሮ በራሱ እጅ ይተካዋል።