የእንጆሪ ዋግ

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋዎች፣ ከመካነ ሰላም ዙሪያ አንስቶ እስከ ደንቆሮ ጫካ ድረስ፣ በጫካ ዳርና በሸለቆ አፋፍ እሾሃም ሐረጉን እየጣለ የሚበቅለው እንጆሪ ፍሬው የእረኛ ስንቅ፣ ቁጥቋጦው የማሳ አጥር፣ ሥሩም የቦረቦር አፈር መያዣ ሆኖ ኖሯል። ደንቆሮ ጫካን የያዘው የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ከ1,900 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው በመሆኑ፣ ታችኛው ክፍሉ የጥድና የወይራ፣ መካከሉ የኮሶ፣ ላይኛው የአስታና የጅባራ አገር ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት የእንጆሪን ወገን ሩቡስ ይሉታል፤ በኢትዮጵያ ደጋ ከሚገኙት ዝርያዎቹ አንዱ የሆነው ሩቡስ ስቱድኔሪ የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1861 እና በ1862 ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ መጥቶ ዕፅዋት በሰበሰበው በጀርመናዊው ሄርማን ስቱድነር ነው።

ይህን ተክል ከሚያጠቁት ተውሳኮች መካከል የዋግ ፈንገሶች ይገኛሉ። ዋግ የሚባለው፣ የስንዴ ገበሬ ከማንም በላይ እንደሚያውቀው፣ በቅጠልና በአገዳ ላይ የዛገ ብረት የመሰለ ዱቄት የሚያወጣ በሽታ ሲሆን፣ ዱቄቱ ራሱ ስፖር የሚባለው፣ በነፋስ የሚበተን የፈንገሱ የመራቢያ ብናኝ ነው። ፍራግሚዲየም በተባለው የዋግ ወገን የተያዘ የእንጆሪ ቅጠል ከላይ ሲታይ የመርፌ ራስ የሚያህሉ ወይን ጠጅ ቡናማ ነጠብጣቦች ይኖሩታል፤ ቅጠሉን የገለበጠ ሰው በየነጠብጣቡ ትይዩ ጣት የሚያቀልም ብርቱካናማ ዱቄት ያገኛል፣ ቅጠሉ ሲያረጅ ደግሞ በዱቄቱ ቦታ ጥቁር ብጉር ይተካል። በአፍሪካ እንጆሪዎች ላይ የሚታወቀው ሌላው ወገን፣ ሃማስፖራ፣ መልኩ ለየት ይላል፤ የመጨረሻ ስፖሮቹ እንደ ጥቁር ብጉር ሳይሆን ተያይዘው ከቅጠሉ ጀርባ የተንጠለጠለ ቀጭን፣ የተጠማዘዘ ፀጉር ሆነው ስለሚወጡ፣ ላላወቀው ሰው የነፍሳት ድር ይመስላሉ።

ዋግ የሞተ ነገር አይበላም፤ ይህ ጠባዩ ግንድ ከሚያበሰብሱ ፈንገሶች ይለየዋል። ብርቱካናማው ስፖር ጤዛ ባረፈበት ቅጠል ላይ ሲወድቅ፣ እርጥበቱ ለሰዓታት ከቆየለት፣ ቀጭን ክር አብቅሎ ስቶማታ በተባሉት የቅጠሉ መተንፈሻ ቀዳዳዎች በኩል ይገባል፤ ከዚያም ሐውስቶሪየም የተባለ የመምጠጫ አካል በተክሉ ሕያው ሴሎች ውስጥ ተክሎ ምግባቸውን ይስባል። አስተናጋጁ ተክል ከሞተ ዋጉም ስለሚራብ፣ ቅጠሉን ቢጫ ያደርጋል፣ ያረግፋል፣ ፍሬውን ያሳንሳል እንጂ ቁጥቋጦውን ከሥሩ ለመንቀል አይቸኩልም። ክረምት ሲወጣ ሌሊቱ ጤዛማ፣ ቀኑ ብራ የሚሆንበት የወሎ ደጋ አየር ለዚህ ሥራው የተመቸ ነው።

ከሁሉም ይልቅ መታወቅ ያለበት ግን የዋጎች አኗኗር አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። የስንዴ ግንድ ዋግ ሙሉ የሕይወት ዑደቱን ለመፈጸም ሁለት ዝምድና የሌላቸው ተክሎች ያሻዋል፤ አንዱ ስንዴ ሲሆን ሌላው በፈረንጅ ባርበሪ፣ በእኛ ደጋ ዝንቅላ የሚባለው እሾሃም ቁጥቋጦ ነው፤ ይህንንም ጀርመናዊው አንቶን ደ ባሪ እ.ኤ.አ. በ1865 በሙከራ አረጋግጧል። የፍራግሚዲየም ዋጎች በአንጻሩ አምስቱንም የስፖር ደረጃዎቻቸውን በዚያው በአንድ ተክል ላይ ስለሚጨርሱ፣ የእንጆሪው ዋግ ከእንጆሪ ወጥቶ ወደ እንጆሪ ይመለሳል፤ ስንዴንም ሆነ ገብስን አይነካም።

የእንጆሪ ዋግ የተክል ምርጫ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ለማየት ወደ ውጭ አገር ተሞክሮ መሄድ ያስፈልጋል። ከአውሮፓ የመጡ እንጆሪዎች የግጦሽና የእርሻ መሬቱን በወረሩባት ቺሊ፣ ፍራግሚዲየም ቫዮላሲየም የተባለው ዋግ እ.ኤ.አ. በ1973 ከጀርመን ተወስዶ ሆን ተብሎ ተለቀቀ፤ አንዱን ዝርያ ክፉኛ ሲያዳክም ጎረቤቱን ግን ያን ያህል አልጎዳውም። በአውስትራሊያ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1984 ያለ ፈቃድ ገብቶ ተገኘ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የተመረመረ ዓይነቱ በሕግ ተለቀቀ፤ ሁሉንም የእንጆሪ ዓይነት ስላልያዘ ግን እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ሌሎች ዓይነቶች ተጨመሩለት። በአንድ ወገን ውስጥ እንኳ ይህን ያህል የሚመርጥ ፈንገስ ወደ ስንዴ ይዘላል ብሎ መፍራት መሠረት የለውም።

ስንዴውን የሚያሰጋው የራሱ ዋግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በመላ አገሪቱ የተዛመተው ቢጫ ዋግ ኩብሳና ጋላማ የተባሉትን የስንዴ ዝርያዎች የመታው፣ ከሦስት ዓመት በኋላም የግንድ ዋግ በባሌ ዲጋሉን ያወደመው ዝርያዎቹ መቋቋም ያልቻሉት የዋግ ዘር ስለተነሣ እንጂ በማሳ ዳር እንጆሪ ስለ በቀለ አይደለም። ስለዚህ በቦረናም ሆነ በሳይንት ብርቱካናማ ዱቄት የያዘ እንጆሪ ያየ ገበሬ የታመመውን ቅርንጫፍ ቆርጦ ቢያቃጥል ፍሬውን ይጠቅማል፤ ቁጥቋጦውን መንጥሮ ቢጥለው ግን አጥሩንና የቦረቦሩን አፈር ያጣል እንጂ ስንዴውን አያድንም፤ ጉልበቱንና ገንዘቡን ዋግን በሚቋቋም ዘርና በጊዜው በሚረጭ መድኃኒት ላይ ቢያውል ይሻለዋል።