ባስ የሚባለው ዓሣና የሐይቅ ባሕር

በአሜሪካ አገር ባስ የሚባለውን ዓሣ በመንጠቆ መያዝ ታላቅ ውድድር ሆኗል። ሬይ ስኮት የተባለው ሰው በ1967 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በአርካንሳስ ግዛት፣ በቢቨር ሐይቅ ላይ ተወዳዳሪዎችን ሰበሰበ፤ በ1972 ዓ.ም. ደግሞ ዓሣው ከተመዘነ በኋላ በሕይወቱ ወደ ውኃው እንዲመለስ ማድረግ ጀመረ። ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ውሎ ባዶ እጁን የሚገባውን ባል ሚስቱ እንዴት እንደምትቀበለው ግን አልሰማንም።

ይህ ፍቅር ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰዎችም ቢደርስ ደስ ይለናል፤ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሐይቅ ባሕር አለና። ነገር ግን ባስን አምጥተን እንጨምር የሚል ቢነሣ አንስማማም። ባስ ሌሎችን ዓሦች የሚውጥ ነው። በጃፓን አገር በቢዋ ሐይቅ በ2009 ዓ.ም. ከ10 ኪሎ የሚበልጥ ባስ ተይዞ በ1932 ዓ.ም. በጆርጅያ ከተያዘው ጋር በክብረ ወሰን ተስተካክሏል፤ ሆኖም የጃፓን መንግሥት ዓሣው የአገሩን ዓሦች ስለ ፈጀ በ2005 ዓ.ም. ወደ አገር እንዳይገባና እንዳይረባ ከልክሎ ነበር።

በሐይቅ ባሕር ያለው ቆሮሶም በ1978 ዓ.ም. ከሌላ ስፍራ መጥቶ የተጨመረ ነው፤ ዛሬ የአጥማጆቹ ቤተ ሰብ የሚተዳደረው በእርሱ ነው። ለውድድር የሚሻ ሰው ጥንቱንም በባሕሩ የነበረውን ጕልበተኛውን አምባዛ ይሞክር፤ ሲመዝነውም አጥማጆቹን ዳኛ ያድርግ።