ክረምትን ማሳደር

ሐምሌ ላይ ደብረ ማርቆስ ገብቶ «እዚህ አገር ውሃ ይቸግራል» የሚል እንግዳ ቢኖር ይሳቅበታል። ከተማዋ በዓመት ወደ 1300 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። ጨሞጋ፣ ጀደብ፣ ሙጋና ሱሃ ከጮቄ ተራራ እየወረዱ ዓባይ ይገባሉ። ያው እንግዳ በመጋቢት ይመለስና እረኛውን ይጠይቅ። ዝናቡ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ወርዶ ያበቃል፤ ወደ ዓባይ በረሃ፣ ወደ ደጀንና ሸበል በረንታ ቆላ በተወረደ ቁጥርም ችግሩ ይብሳል። ውሃውማ ይመጣል፤ የጠፋው ማደሪያው ነው።

የጎጃም ገበሬ ከድሮ ጀምሮ የሚያውቀው ጠለፋን ነው። ወንዙን በድንጋይ፣ በእንጨትና በሣር አፈር አግቶ ወደ ቦይ ይመልሰዋል። ክረምት ጠራርጎ ይወስደዋል፤ ውሃው ሲጎድል በደቦ እንደገና ይሠራል። ተራ የሚያከፋፍለው፣ ቦይ ያልጠረገውን የሚቀጣው የውሃ አባት ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 841 ለመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ሕጋዊ ሰውነት ሰጥቷል፤ የውሃ አባት ማኅተም አገኘ ብንል አንሳሳትም።

ጠለፋ ግን ወንዙ ሲደርቅ አብሮ ይደርቃል። የአፈር ግድብ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በሁለት ኮረብታ መካከል ጠባብ አንገት ይፈለጋል። መሠረቱ ውሃ የማያሳልፍ መሬት እስኪገኝ ይቆፈርና ሸክላማ አፈር በስሱ እየተነጠፈ፣ እርጥበቱ እየተጠበቀ ይጠቀጠቃል። እንደ ልብ የሚገኘው ዋልካ ለዚህ አስቸጋሪ ነው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የውሃው ፊት ድንጋይ ይለብሳል። በጎን በኩል ደግሞ ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ማስተንፈሻ ይተዋል። «ጥቂት ውሃ ይጨምርልን» ብሎ ማስተንፈሻውን መድፈን ግድቡን መግደል ነው፤ ውሃ በአናቱ ከተሻገረ አፈሩን በሰዓታት ውስጥ በልቶት ይሄዳል።

የታገተው ውሃ ሌባ ደግሞ ፀሐይ ነው። ጣና ላይ በዓመት ወደ 1.6 ሜትር ውሃ ይተንናል። ስለዚህ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ኩሬ ለዓይን ቢያምርም እስከ ግንቦት አይደርስም፤ ጠባቡና ጥልቁ ይሻላል።

ሙከራው አዲስ አይደለም፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ ትግራይ ውስጥ በ10 ዓመት 500 ግድብ ይሠራል ተብሎ ታቅዶ ነበር። የተሠሩት መቶ አይሞሉም፤ ከእነሱም አንዳንዶቹ አፈሰሱ፣ አንዳንዶቹ በደለል ተሞሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ደግሞ በግድቦቹ አጠገብ የሚኖሩ ሕፃናት በወባ የሚያዙት ርቀው ከሚኖሩት 7 እጥፍ እንደሆነ አሳየ። ከአጥኚዎቹ አንዱ ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር የሆኑት ዶክተር ቴድሮስ አድሓኖም ናቸው። ቆላ ላይ ግድብ የሚያስብ ቀበሌ አጎበሩንም አብሮ ያስብ።

ከሁሉ የከፋው ደለሉ ይመስለኛል፤ እሱም የሚመጣው ከላይ ነው። ደንበጫ አቅራቢያ በአንጀኒ፣ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በስዊዘርላንድ ድጋፍ የአፈር መሸርሸር የተለካባት 113 ሄክታር ተፋሰስ አለች። እርከን ባልተሠራለት እርሻ በዓመት ከአንድ ሄክታር ከ100 ቶን በላይ አፈር ሲታጠብ ታይቷል። ይህ ሁሉ ቁልቁል ወርዶ የሚያርፍበት ግድብ ዕድሜው ስንት ይሆናል? የደብረ ማርቆስ ጎረቤት ጨሞጋም ተጠንቷል። ተመራማሪው ወልደአምላክ በውቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1999 ያለውን መዝገብ ሲመረምሩ የወንዙ ፍሰት በየዓመቱ በአማካይ 1.7 ሚሊ ሜትር እየቀነሰ መምጣቱን አገኙ፤ ዝናቡ የቀነሰው ግን በ0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሰማዩ ብቻውን አይወቀስም፤ መሬቱ ውሃ መያዝ ትቷል። ጥር ሲገባ እርከንና ክትር ለመሥራት የሚወጣው ሕዝብ፣ ባያስተውለውም፣ የሚሠራው ግድብ ነው።

ገንዘቡስ? ሜጫ ላይ 7000 ሄክታር እንዲያለማ የተገነባው ቆጋ የመንግሥት አቅም ይጠይቃል። ለትንሹ ሥራ ግን አማራ ክልል የራሱ ልምድ አለው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በፊንላንድ ድጋፍ ለጉድጓድና ለምንጭ የተመደበው ገንዘብ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) በኩል በቀጥታ ለመንደሩ ውሃ ኮሚቴ ተሰጠ። ሲሚንቶ የሚገዛው፣ ግንበኛ የሚዋዋለው፣ ሒሳብ የሚያወራርደው ኮሚቴው ሆነ። ዘዴው ኋላ ወደ ሌሎች ክልሎችም ተሻግሯል። ለአፈር ግድብ መሐንዲስ የግድ ያስፈልጋል፤ ገንዘቡንና ጥገናውን መንደሩ የማይይዝበት ምክንያት ግን አይታየኝም።

ዓባይን ተሻግረው ወደ ደብረ ማርቆስ ሲጓዙ ከመንገዱ ዳር አንዲት የአፈር ግድብ ካዩ፣ ውሃውን ትተው በላዩ ያለውን ተዳፋት ይመልከቱ። ሣር ከለበሰ ግድቧ ትቆያለች፤ ታርሶ ከተራቆተ ግን ቶሎ ፎቶ ያንሷት።