ከባሕር አረም እስከ ቴፒ ጨው

ጃፓንና ኮርያ ውስጥ የዕለት ምግብ የሆነው የባሕር አረም ለስኳር ሕመምና ለውፍረት ፍቱን ነው እየተባለ በዱቄትና በእንክብል ይሸጣል። ነገሩ ጨርሶ መሠረት የለሽ አይደለም። አረሙ ውስጥ ያለው አልጂኔት የተባለ አሰር ውሃ ሲያገኝ ይዝለገለጋል፤ ምግብ ከጨጓራ ቀስ ብሎ እንዲወርድ፣ ስኳሩም ቀስ ብሎ ወደ ደም እንዲገባ ያደርጋል። ሆኖም በሰው ላይ የተደረጉት ሙከራዎች አብዛኞቹ ጥቂት ሰዎችን ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የተከታተሉ ናቸው። መድኃኒት የሚያስጥል ውጤት የለም።

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ለምትገኘው ለቴፒ ሰው ግን ከአረሙ ይልቅ ቁም ነገሩ በውስጡ ያለው አዮዲን ነው። ይህ ንጥረ ነገር የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1811 ከባሕር አረም አመድ ነው፤ ያገኘውም ፈረንሳዊው በርናርድ ኩርቷ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ የጄኔቫው ሐኪም ኩዋንዴ ለእንቅርት ሕሙማን ሰጠው። ቻይናውያን ደግሞ ምክንያቱን ሳያውቁ አረሙን ለእንቅርት ሲያበሉ ከሺህ ዓመት በላይ ኖረዋል። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ አዮዲን ሲያጣ ሆርሞኑን መሥራት ያቅተዋል፤ ሰውነት ምግብን ወደ ኃይል የሚለውጥበት ፍጥነት ይቀንሳል፤ ዕጢውም ያብጣል። እብጠቱ ዓይን የሚያየው ጉዳት ነው። የከፋው ማሕፀን ውስጥ ባለ ልጅ አእምሮ ላይ የሚደርሰው ነው።

ቴፒ ያለችበት ሸካና ጎረቤቱ ቤንች ዝናብ የማይለያቸው አገሮች ናቸው። ለቡናውና ለኮረሪማው ሲሳይ የሆነው ዝናብ አዮዲኑን ከአፈሩ አጥቦ ይወስደዋል፤ በዚያ አፈር የበቀለ ጎደሬና በቆሎም አዮዲን ያጥረዋል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ካሳቫና ጎመን ሲበዙ ዕጢው ያገኛትን ጥቂት አዮዲን እንኳ በአግባቡ እንዳይጠቀም ያውካሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉ ልጆች 39.9 በመቶው እንቅርት ነበረባቸው። ቴፒ ያኔ በነበረችበት በደቡብ ክልል ቁጥሩ 56.2 በመቶ ደርሶ ነበር።

መፍትሔው ከባሕር አረም በእጅጉ የረከሰው ጨው ነው። በዚህ አካባቢ ቡናና የቡና ቅጠል ሳይቀር በጨው ስለሚጠጣ ጨው የማይገባበት ቤት የለም። ቀድሞ ከኤርትራው አሰብ ይመጣ የነበረው ጨው አዮዲን ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1998 የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ ገበያው ወደ አፋሩ የአፍዴራ ጨው ዞረ፤ ያ ጨው አዮዲን አልነበረበትም። አዮዲን መጨመርን ግዴታ ያደረገው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በዚያ ዓመት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው 15 በመቶ በሚሆነው ቤት ብቻ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 89 በመቶ አደገ። ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ይሁንና በቂ መጠን የተገኘው ሩብ ያህሉ ቤት ውስጥ ብቻ ነበር።

የአረሙ እንክብል ይህን ክፍተት አይሞላም። ኮምቡ የሚባለው ዓይነት በአንድ ግራም ከ1,000 ማይክሮግራም በላይ አዮዲን ሊይዝ ይችላል፤ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 150 ነው። አዮዲን አጥቶ የኖረ ዕጢ በድንገት ይህን ያህል ሲያገኝ ሥራው ከልክ ሊያልፍና ልብን ሊያውክ ይችላል።

የቴፒ እናቶች ሆይ፣ ገንዘባችሁን ለእንክብል አታውጡ። አዮዲን ያለበትን የታሸገ ጨው ግዙ፤ እርጥበትና ፀሐይ በማያገኘው ክዳን ባለው ዕቃ አኑሩት፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት፤ አታብዙትም። አፍዴራ ላይ የሚጨመረው አዮዲን ለሁሉም ጨው እኩል መዳረሱን መቆጣጠር ግን የመንግሥት ግዴታ ነው፤ እሱ ሳይሠራ እናቶችን ማስተማር ብቻውን አይበቃም።